«ከጎንህ አልቀመጥም አለችኝ»

የ26 ዓመት ወጣት ስሆን ሜትር ታክሲ እነዳለሁ። ሰፈሩን ሁሉ ስለማላውቀው ሁልጊዜ የስልኬን ካርታ ከፍቼ ነው የምሠራው። ባለፈው እሁድ ከእጮኛዬ ጋር ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ ስንመጣ ካርታውን ላሰፋ ስነካካ፣ ዜብራ ላይ አንድ ልጅ ገባብኝ። ፍሬን ይዤ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ «ስልክህን እየነካካህ ከጎንህ አልቀመጥም» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ያለ ካርታ እንጀራ የለኝም። መሪ ላይ የሚታሰር ቁልፍ አለ ሲሉ ሰማሁ። ያዋጣኛል ትላለህ?
ግራ የገባው ሾፌር

ወንድማችን፣ በቅድሚያ አንድ ነገር እናስተካክል። ልጁ አልገባብህም፤ ዜብራው የእሱ ነው፣ የገባህበት አንተ ነህ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ3 ሰከንድ ስልክህ ላይ ካፈጠጥክ 33 ሜትር በጭፍን ነዳህ ማለት ነው። እጮኛህ እውነቷን ነው።

ቁልፉን በተመለከተ ግን ሐሳብህ አይናቅም። ስክሪን ዝርግ ስለሆነ ጣት ዳብሶ አያገኘውም፤ ዓይን የግድ ይከተላል። ቁልፍ በዳበሳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቪ ቢላጋረ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት፣ ሬዲዮ መክፈትን የመሳሰሉ 4 ሥራዎችን በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እያስነዳ ለክቶ ነበር። ባለ ቁልፏ የ2005 ቮልቮ 10 ሰከንድ በቃት። ከባለ ስክሪኖቹ የመጨረሻ የወጣው 44.9 ሰከንድ ፈጀ። አሮጌ መኪና የምትንቁ ስሙ እንግዲህ!

አንተ የሰማኸው ትንሽ የብሉቱዝ ሪሞት ነው። በክብ ባትሪ ይሠራል፤ መሪ ላይ በማሰሪያ ይታሰራል። ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ ችግር የለበትም፤ መንገድ የምትነግርህን ሴትዮ በደንብ ከሰማሃት ደግሞ ስክሪኑን የምታይበት ምክንያት በግማሽ ቀነሰ። ካርታ ለማስፋትና ለማጥበብ ግን ካርታው ራሱ የውጭ ቁልፍ የሚቀበል መሆን አለበት። ኦስማንድ የሚባለው አንድሮይድ ላይ ይቀበላል፤ ካርታውን አስቀድመህ ካወረድክ ያለ ኢንተርኔትም ይመራሃል። ብቻ ሪሞት ሁሉ አንድ አይደለምና ብር ሳትከፍል እዚያው ሱቁ በር ላይ በራስህ ስልክ አስሞክር።

መሪው መሃል ላይ እንዳታስረው! ኤርባጉ ያለው እዚያ ነው፤ ከፈነዳ ሪሞቱን ፊትህ ላይ ነው የሚወረውርልህ። አውራ ጣትህ በሚደርስበት ጠርዝ በኩል ይሁን፤ መሪ ስታዞርም እጅህን እንዳይዘው እየው። ቁልፍም አታብዛ፤ ሦስት አራት ይበቃል። አድራሻ መጻፍ ከፈለግክ ጥግ ይዘህ ቁም፤ ለእሱ ሪሞት አልተሠራለትም።

እጮኛህንስ? መኪናዋ ቆማ ሳለች ጥራትና ሪሞቱን አብራችሁ ግጠሙት። አብራችሁ ስትወጡ ደግሞ ስልኩን እሷ ትያዝ፣ ግራ ቀኝ እያለች ትምራህ። የጠላችው የስልክ ንክኪህን እንጂ አንተን እንዳልሆነ ገብቶሃል አይደል?