«ቪ»፦ እንሽላሊቶቹና ጎረቤቶቻችን

ባለፈው ክረምት ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጣ አንድ ዘመዴ «ልጅ ሳለህ ስለዚህ ፊልም አውርተህ አትጠግብም ነበር» ብሎ ሦስት የዲቪዲ ማኅደሮች ከሻንጣው አውጥቶ ሰጠኝ። በቤታችን የዲቪዲ ማጫወቻ ከተረሳ ዓመታት አልፈዋል። ልጄ «አባዬ፣ ይኼ ሁሉ እኮ ስልክ ውስጥ ይገኛል» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አቧራ የጠገበውን ማጫወቻ ከጓዳ አወጣሁና፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ቤታችን ሳሎን፣ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ መጋረጃውን እያወዛወዘው፣ «ቪ»ን በሁለት ምሽት ዳግመኛ አየሁት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ከተማችን ገና «አዋሳ» ተብላ በምትጻፍበት ዘመን፣ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተጋረደ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ መቀመጫው አግዳሚ ወንበር ሲሆን፣ ካሴቱ ከመገልበጡ ብዛት ምስሉ ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስል ነበር። እንግሊዝኛው ለአብዛኞቻችን አልገባንም፤ እንዲገባንም አልፈለግንም። የጠፈር እንግዶቹ የሰው መልክ ያለው ጭምብላቸው ተቀዶ አረንጓዴው የእንሽላሊት ቆዳ ብቅ ሲል፣ መልከ መልካሟ አዛዥ ዳያና አይጥ የመሰለች እንስሳ ከነነፍሷ ስትውጥ፣ ቤቱ በፉጨት ይናወጥ ነበር። ለሳምንታት እርስ በርሳችን «አንተ እንሽላሊት!» እየተባባልን ተሰዳደብን። የፊልሙ ነገር ለእኛ ይኸው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ላላያችሁት ወይም ለረሳችሁት በአጭሩ ላስታውስ። «ቪ» ኬኔት ጆንሰን ጽፎ ያዘጋጀው፣ ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ሜይ 1 እና 2 ቀን 1983 (በእኛ ሚያዝያ 23 እና 24 ቀን 1975 ዓ.ም.) በሁለት ክፍል ያሳየው ድራማ ነው። ሃምሳ ግዙፍ መርከቦች መጥተው በዓለም ታላላቅ ከተሞች ሰማይ ላይ ይቆማሉ። «ጎብኚዎች» የተባሉት ባለመርከቦች ፈገግታቸው አይጠገብም፤ ዓለማችን ታማለችና ጥቂት ኬሚካልና ማዕድን ብትሰጡን ዕውቀታችንን እናካፍላችኋለን ይላሉ። የትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ የ«ስታር ዎርስ»ን ዜማ እየነፋ ይቀበላቸዋል። ቀስ በቀስ ግን ሳይንቲስቶች ሤራ ጠነሰሱ የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ ኑዛዜያቸው በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ከነቤተሰቦቻቸው እንዲመዘገቡ ይታዘዛል፤ ስመ ጥር የሆነች ጋዜጠኛም የጎብኚዎቹ ቃል አቀባይ ትሆናለች። እውነተኛው ዓላማ የምድርን ውኃ መዝረፍ፣ ሰውንም ለቀለብ ማጋዝ ነው።

በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»ን፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጅሃዳዊ ሐረካት»ን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመለከተ ሰው፣ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው በምሽት ፕሮግራም ጥፋተኛ ሆኖ ሲቀርብ ያየ ሰው፣ ይህን ክፍል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

በልጅነቴ ያላወቅሁት ሌላም ነገር አለ። ጆንሰን በመጀመሪያ የጻፈው ስለ ጠፈር አልነበረም። መነሻው ሲንክሌር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው፣ ርእሱ ወደ እኛ ቋንቋ «እዚህ አይሆንም» ተብሎ ሊመለስ የሚችል ልቦለድ ነው፤ በምርጫ ሥልጣን የያዘ ሰው አሜሪካን እንዴት በፋሺስት አገዛዝ ሥር እንደሚያውላት ይተርካል። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ግን በቤት በቀል አምባገነን ላይ የተመሠረተው ድርሰት ተመልካች አይስብም አሉ። ዘመኑ የ«ስታር ዎርስ» ስለነበር እንሽላሊቶቹ ገቡ። ክፉው ከውጭ የመጣ ሲሆን ማየት ይቀልላል። እኛም አገር ቢሆን፣ የተቃወመው ሁሉ «የውጭ ኃይል ተላላኪ» ሳይባል ያለፈ መንግሥት አላስታውስም፤ ያው የገበያ ዘዴ ነው።

ስለ ርእሱም አንድ ነገር ልበል። በፊልሙ ውስጥ ከናዚ ማጎሪያ የተረፉ አብርሃም የተባሉ አዛውንት አሉ። ልጆች የጎብኚዎቹን የግድግዳ ምስል በቀለም ሲያበላሹ ያገኟቸውና፣ ቀለሙን ተቀብለው በላዩ «ቪ» የሚለውን ፊደል በትልቁ ይጽፉበታል፤ የድል ምልክት መሆኑንም ለልጆቹ ይነግሯቸዋል። ይህን ሳይ ሐሳቤ ወደ 1997 ዓ.ም. ሄደ። የዚያ ዓመት ምርጫ የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይን የሞላው ሕዝብ ያነሣው ይህንኑ ምልክት ነው። ከወራት በኋላ ሁለት ጣት ማንሣት የሚያስደበድብ ሆነ። በሰኔና በጥቅምት የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን 193 ብሎ ቆጥሯቸዋል።

ዳግመኛ ሳየው እንቅልፍ የነሣኝ ግን ዳያና አይደለችም፤ የአብርሃም የልጅ ልጅ ዳንኤል ነው። ዳንኤል በተፈጥሮው ጨካኝ አይደለም። ሥራ የማይበረክትለት፣ የጎረቤቱ ሴት ልጅ የማትፈልገው፣ በቤተሰቡ ዘንድም ዋጋ ያላገኘ ወጣት ነው። ጎብኚዎቹ የደንብ ልብስና ሽጉጥ ሰጡት፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሰው አከበረው። በጓሮ የተደበቀውን የጎረቤት ሳይንቲስት ቤተሰብ ጠቆመ፤ ጥቆማውም የገዛ አያቱን ጭምር ለእስር ዳረገ። ስንት ዳንኤል አውቃለሁ! በቀበሌ ዘመን አውቃለሁ፣ በ«አንድ ለአምስት» ዘመንም አውቃለሁ። ጆሮ ጠቢ የምንላቸው ሁሉ አንድ ወቅት አብረውን ኳስ የተጫወቱ ናቸው።

ከዳንኤልም ይልቅ አባቱ ስታንሊ አለ። ሳይንቲስቱ ሮበርት ማክስዌል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መሸሸጊያ ሲለምን፣ ስታንሊ እምቢ ይላል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤቱን፣ ሚስቱን፣ ልጁን ያስባል። ያን ጊዜ አዛውንቱ አብርሃም ለዓመታት የደበቁትን ያወጣሉ። እናትህ በባቡሩ ውስጥ በልብ ድካም ሞተች ያልኩህ ውሸት ነበር፤ ማጎሪያው ደርሳለች፤ ከዚያ በጋዝ ክፍል ገደሏት ይሉታል። መጠጊያ የሰጠን አልነበረም ማለታቸው ነው። ስታንሊ ይህን ሰምቶ ነው የሚለሰልሰው።

እዚህ ላይ ማጫወቻውን አቆምኩት።

በኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የጎረቤታችን ልጅ በሬን አንኳኳ። አዲስ አበባ ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ ታፍሰው እሱ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ አምልጧል። እናቱ ቤት እንዳይገባ ጠያቂዎች ቀድመውት መጥተዋል። «ጋሼ፣ ሁለት ሌሊት ብቻ» አለኝ። እኔ የምሠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ልጄ ገና መወለዷ ነው። «ባለቤቴ አራስ ናት፣ ቤቱም ጠባብ ነው» አልኩት። ሁለቱም እውነት ነበር። በደህናው ቀን ዲሞክራሲ፣ የዜጎች መብት እያልኩ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው፣ በሩን ቀስ ብዬ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ተጠንቅቄ ዘጋሁት። ልጁን የተቀበሉት ከእኛ ሦስተኛ ቤት የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ናቸው። ሁለት ሳምንት በምጣዱ ቤት አስተኙት። እሳቸው ቤት እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የጠቆመ ግን አልተገኘም። እኔ ስታንሊን ፊልም ላይ ሳየው ከሃያ ዓመት በፊት የማውቀውን ሰው አገኘሁ።

የጆንሰን ሁለት ክፍል ያለ መልስ ነው የሚያበቃው። አማፂዎቹ ወደ ጠፈር የእርዳታ ጥሪ ይልካሉ፤ የሚሰማቸው ይኑር አይኑር አይታወቅም። በዓመቱ የመጣው «የመጨረሻው ፍልሚያ» የተባለው ሦስት ክፍል ተከታይ ግን ነገሩን አበላሸው። ጆንሰን ከአምራቾቹ ጋር ባለመስማማት ትቶት ወጥቷል፤ እውነቱን ነው። በዚህኛው ላይ ሳይንቲስቶቹ እንሽላሊቱን የሚገድል፣ ሰውን የማይጎዳ ቀይ ዱቄት ይቀምማሉ፤ በፊኛ ወደ ሰማይ ይለቁታል፤ ጎብኚዎቹም ይሸሻሉ። ያም አልበቃ ብሎ ከሰውና ከእንሽላሊት የተወለደች ሕፃን እጇ እያበራ ምድርን ከፍንዳታ ታድናለች። ዳንኤልን ዳንኤል ስላደረገው ነገር ግን ማንም አይጠይቅም። ሦስተኛው ማኅደር ውስጥ ያለው ሳምንታዊ ተከታታይ፣ በ19 ክፍል የተቋረጠው፣ ጨርሶ የሌዘር ጨዋታ ነው፤ ስለ እሱ የአንባቢን ጊዜ አልወስድም።

በዚህ ቀይ ዱቄት መሳቅ የምንችል አይመስለኝም። በ1966 ተበትኖልናል፤ በ1983 ተበትኖልናል። በ2010 ዓ.ም. ሲበተን ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እስረኞች ሲፈቱ አልቅሻለሁ፤ በእንባዬም አላፍርም። ለውጡ ከመጣ ሦስት ወር ሳይሞላው ግን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ፣ በዚህች ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ በአንድ ዕድር ሙታንን የቀበሩ ሰዎች በብሔር ተለያይተው ሲጠቃቁ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። አጥቂው በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚኖር ለማወቅ ጎብኚ አላስፈለገውም፤ ጎረቤት ነግሮታል። የአገዛዙ ጭምብል የተቀደደ ቀን የእኛም አብሮ የተቀደደ መስሎን ነበር።

ያቺ እናት ዛሬም ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ምጣዱን ልጃቸው ተረክባለች፤ እሳቸው ማለዳ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያ ሰሞን ሳልፍ «ና ቡና ጠጣ» ብለውኝ ገባሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ የሐይቁ ውኃ ዘንድሮ ስለ መሙላቱ ተጨዋወትን። ስለ ልጁ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም፤ ያን ዕለትም አላነሣንም። ሦስተኛውን ስኒ ሲያቀብሉኝ ዓይናቸውን ሸሽቼ ተቀበልኳቸው።