ከጊጋኸርዙ በፊት ዋቱን እንጠይቅ

ኮምፒዩተር ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ጊጋኸርዝ ነው?» ብሎ ነው። «ስንት ዋት ይወስዳል? ያለ ማራገቢያስ ይሠራል ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ አይነሡም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቸልታ እምብዛም ላይጎዳ ይችላል። ገንዳ ውሃ ላይ ግን የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል አገልግሎት መስጠቱን ወይም በአቧራ ተሸፍኖ መቀመጡን ሊወስን የሚችለው ይኸው ጥያቄ ነው።

የመተማ ቆላ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በአብዛኛው ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። «ታዲያ ማራገቢያው ምን ሊሠራ ነው?» የሚል አይጠፋም። ሰው ማራገቢያ ሲነፍስበት የሚቀዘቅዘው በተለይ ላቡ ስለሚተን ነው፤ ፕሮሰሰር ግን አያልበውም። ማራገቢያው የክፍሉን አየር ይገፋበታል እንጂ ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው ከቶ አይችልም። በዚያ ላይ የበጋውን አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል፤ አቧራው በአሉሚኒየሙ ክንፎች መካከል ሲደፈን ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። ፕሮሰሰር የሚወስደው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል ማለት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ማራገቢያ የሌለው አንድ የአሉሚኒየም ሙቀት ማሰራጫ በእያንዳንዱ ዋት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ከአካባቢው አየር በ2.5 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል እንበል። 24 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር 60 ዲግሪ ይጨምራል። 22 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ 82 ይደርሳል፤ ደህና ነው። 42 ዲግሪ በሆነ የገንዳ ውሃ ክፍል ግን 102 ይሆናል። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። እንግዲህ የተከፈለበት ጊጋኸርዝ በቀትር አይገኝም ማለት ነው። 6 ዋት የሚወስደው ግን የሚጨምረው 15 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ በ57 ዲግሪ ተረጋግቶ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይሠራል።

ፍጥነትን መቀነስ ይህን ያህል የሚያተርፈው ለምንድን ነው? ፕሮሰሰር በሥራ ላይ የሚወስደው ኃይል ከፍሪኩዌንሲውና ከቮልቴጁ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ፍሪኩዌንሲው በግማሽ ሲቀንስ ቮልቴጁንም ከ1.2 ወደ 0.9 ቮልት ማውረድ ቢቻል፣ ይህ ኃይል ወደ 28 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሥራው በግማሽ ሲዘገይ ሙቀቱ ከሢሶ በታች ይሆናል።

ይሁን እንጂ በፕሮሰሰሩ ዋት ብቻ መታለል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ኢንቴል ለአነስተኛ ዴስክቶፖች ያቀረበው አተም 230 የ4 ዋት ፕሮሰሰር ነበር፤ አብሮት በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ቺፕሴት ግን 22 ዋት ገደማ ይደርስ ነበር። በዚህም የተነሣ ማራገቢያው የተገጠመው ከፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ከቺፕሴቱ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት 5,000 ያህል ኤክስ ኦ የተባሉ የተማሪ ላፕቶፖች በአንጻሩ ሲነደፉ ጀምሮ ማራገቢያም ሆነ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አልነበራቸውም። ባለ 433 ሜጋኸርዙ ጂዮድ ፕሮሰሰራቸው አዝጋሚ ነበር፤ የአነዳደፋቸው ሐሳብ ግን ለቆላ የሚስማማ ነበር።

ዛሬ በፍጥነትና በሙቀት መካከል ያለው ምርጫ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን 100 አራት ኮር ያለው ሲሆን በአምራቹ መለኪያ 6 ዋት ነው። ሥራ ሲበዛበት ለጥቂት ጊዜ ከዚያ በላይ ሊወስድ እንደሚችል፣ ጠቅላላው ኮምፒዩተርም ከዚህ እንደሚበልጥ መዘንጋት የለበትም። ቢሆንም ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥ ሥራና ፕሮግራም ለመማር ከበቂ በላይ ነው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ከባድ የሳይንስ ስሌት ለሚያሠራ ሰው ኃይለኛ ማሽን እንደሚያስፈልገው አልክድም። ነገር ግን ለአንድ እንደዚህ ያለ ተጠቃሚ ሲባል ሃያውም ማሽን ለምን ትኩስ ይሆናል?

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚወስዱ ሃያ ኮምፒዩተሮች፣ ስክሪናቸውን ሳንቆጥር፣ 2,000 ዋት ሙቀት ወደ ክፍሉ ይለቃሉ። ይህም ከአንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ኃይል ከግማሽ በላይ ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ተማሪዎችን ሰብስቦ በመካከላቸው ምጣድ የሚያሰማ መምህር ይኖራልን? 15 ዋት የሚወስዱ ሃያ ማሽኖች ግን በድምሩ 300 ዋት ብቻ ናቸው። በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠሩ ፍጆታቸው ከ12 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1.8 ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ በመጠነኛ የፀሐይ ኃይልና ባትሪ ትምህርቱ ሊቀጥል የሚችለው በሁለተኛው ምርጫ ነው።

ስለዚህ ለቆላ ትምህርት ቤቶች በሚዘጋጅ የግዢ ዝርዝር ላይ ሦስት መስመሮች ሊጨመሩ ይገባል እላለሁ፦ የጠቅላላው ማሽን ከፍተኛ ፍጆታ በዋት፤ ያለ ማራገቢያ መሥራቱ፤ በ45 ዲግሪ ሙቀት መሥራት እንደሚችል የአምራቹ ማረጋገጫ። ይህ ለቆላው ተማሪ ያነሰ ነገር መስጠት አይደለም። ከደጋው ወንድሙና እኅቱ እኩል፣ በቀትርም ጭምር፣ የሚሠራ ኮምፒዩተር እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የምትመርጡት እናንተ የዛሬ ተማሪዎች ናችሁና፣ ከጊጋኸርዙ በፊት ዋቱን ጠይቁ።