የሠርጌን ገንዘብ ጠርሙስ በላው!

በዚህ አምድ ላይ ገንዘባቸውን ጠርሙስ ስለበላባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጽፈናል። የዛሬው ባለታሪካችን ግን መጠጥ የሚባል ነገር አይቀምስም። ጠርሙሶቹም ባዶ ናቸው! ደብዳቤው የመጣው ከወደ አሜሪካ ነው። አሳጥረን አቅርበነዋል።

“ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 31 ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ማታ ደግሞ ታክሲ እነዳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የምወዳት እጮኛ አለችኝ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ሠርጋችን ለመጪው ጥር ነው። ለዚሁ ብዬ 9,000 ዶላር አጠራቅሜ ነበር። ‘ነበር’ የምላችሁ አሁን ግማሹም ስለሌለ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ እሑድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስዞር አንዲት ጠፍጣፋ የውስኪ ጠርሙስ አየሁ። በአንድ ፊቷ የጆርጅ ዋሽንግተን፣ በሌላው የጄኔራል ቴይለር መልክ ጎልቶ ወጥቶባታል። ሻጩ ሽማግሌ ‘ከእርስ በርስ ጦርነታችን በፊት የተነፋች ናት’ አሉኝ። በ80 ዶላር ገዛኋት። ሌሊት ከሥራ ገብቼ መብራት ላይ ይዤ ሳያት ድካሜ ሁሉ ይወጣልኛል። ከዚያ ሌላ ጨመርኩ። ንስር ያለባት፣ ፀሐይ ያለባት... አሁን 23 ደርሰዋል። ከሠርጉ ገንዘብ 5,400 ዶላር ሄዷል።

የባሰው ባለፈው ወር ያደረግኩት ነው። ጄኒ ሊንድ የምትባል የድሮ ዘፋኝ ምስል ያለባት ደማቅ ሰማያዊ ጠርሙስ በ1,100 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ ‘በ1850ዎቹ የተሠራች’ ብሎኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን ‘እናቴ እንዲህ ዓይነት አላት፤ አበባ ታደርግባታለች፤ አዲስ ነች’ ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። እጮኛዬ በየሳምንቱ እየደወለች ‘የአዳራሹን ቀብድ መቼ ነው የምትልከው?’ ትለኛለች። እኔም ‘ገንዘቡ ባንክ ነው፤ አታስቢ’ እላታለሁ። ስለ ጠርሙሶቹ የምታውቀው ነገር የለም። ብነግራት ‘ቆራሌው የሚወስደውን ጠርሙስ ገዝተህ ሠርጌን አበላሸህ’ ብላ የምትተወኝ ይመስለኛል። ሳትሰማ ሁሉንም ሸጬ ገንዘቡን ልተካ? እባካችሁ ምከሩኝ።

ግራ የገባው፣ ከሜሪላንድ”

ወንድማችን ግራ የገባው፣

አንዋሽህም፤ ደብዳቤህን ስናነብ መጀመሪያ ሳቅን። ስለ ጠርሙሶቹ ማንበብ ስንጀምር ግን ሳቃችን ቀረ። ልብህን የወሰደው ነገር ተራ ነገር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሌሎቹ አንባቢዎቻችን ምንነታቸውን እንንገራቸው፤ ወዳንተ ጉዳይ በኋላ እንመለሳለን።

ፍላስክ ምንድን ነው?

እነዚህ ፍላስኮች በአመዛኙ እ.ኤ.አ. ከ1815 እስከ 1870 ገደማ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ፣ በኪስ የሚያዙ የውስኪ ጠርሙሶች ናቸው። ብዙዎቹ ግማሽ ሊትር ገደማ ወይም የዚያን ግማሽ ይይዛሉ። ሠራተኛው የቀለጠውን ብርጭቆ ለሁለት በሚከፈት የብረት ፎርማ ውስጥ በአፉ ይነፋዋል። ፎርማው ውስጥ የተቀረጸው ምስል ጠርሙሱ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ታሪኩ ያለው እምስሉ ላይ ነው። ዛሬ ሰው የሚደግፈውን ተመራጭ ፎቶ በካናቴራ ለብሶ እንደሚዞረው፣ ያኔ አሜሪካዊው ደጋፊነቱን በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ለአሜሪካ ነፃነት የተዋጋው ፈረንሳዊው ላፋዬት በ1824 አገሪቱን ሊጎበኝ ሲመጣ መልኩ ጠርሙስ ላይ ወጣ። በ1840 ሃሪሰን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የእንጨት ጎጆ የምርጫው ምልክት ሆነ፤ ጎጆዋም ጠርሙስ ላይ ወጣች። ከሜክሲኮ ጋር በተደረገው ጦርነት ስሙ የገነነው ቴይለር ደግሞ “ጄኔራል ቴይለር እጁን አይሰጥም” የሚል ጽሑፍ ተጨምሮለታል። በ1859 ሰው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ሲጎርፍ፣ ዘንግ ላይ ጓዙን የተሸከመ መንገደኛ ያለበት ፍላስክ መጣ።

ፊላደልፊያ ውስጥ ዳዮት የሚባል መድኃኒት ነጋዴ የብርጭቆ ፋብሪካ ባለቤት ሆነና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአንዱ ፊት ታላቁን ቤንጃሚን ፍራንክሊንን፣ በሌላው ፊት የራሱን መልክ አስቀረጸ! ባለ ገንዘብ ያኔም ያው ነበር።

ሰማያዊዋ ጄኒ ሊንድስ?

ጄኒ ሊንድ ስዊድናዊት ዘፋኝ ነበረች። ፒ.ቲ. ባርነም የተባለው የትርዒት አዘጋጅ በ1850 አሜሪካ አመጣትና አገሩ አበደላት። ምስሏ የወጣው ቅል በሚመስሉ፣ ሆዳቸው ክብ አንገታቸው ረዥም በሆኑ ጠርሙሶች ላይ ነው። ችግሩ በ20ኛው መቶ ዓመት ለጌጥ ተብላ በብዛት፣ በያይነቱ ቀለም እንደገና መሠራቷ ነው። አሸዋው ውስጥ ብረት ስለሚኖር የጥንቶቹ ጠርሙሶች የተለመደ ቀለም ፈዘዝ ያለ ውኃ ሰማያዊ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ጥንታዊ ፍላስክ ብርቅ ነው፤ ብርቅ የሆነ ደግሞ በቀላል ዋጋ አይገኝም። ስለዚህ ጓደኛህ የነገረህን አትናቅ። ግን ሳታጣራ ተስፋ አትቁረጥ፤ እንዲህ አድርገህ መርምራት።

አንደኛ፣ ገልብጠህ ቂጧን እያት። ከ1860 ገደማ በፊት የተነፋ ጠርሙስ አፉ እስኪሠራ ድረስ ከቂጡ በብረት ዘንግ ተጣብቆ ይያዝ ስለነበር፣ ዘንጉ ሲላቀቅ ሻካራ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከሌለ ጠርጥር። ካለም ግን አትዝለል! ከ1930ዎቹ ጀምሮ ኒው ጀርሲ ውስጥ ክሌቬንገር ወንድማማቾች የሠሯቸው ቅጂዎች በአፍ የተነፉ ስለሆኑ ጠባሳ አላቸው።

ሁለተኛ፣ በጎኗ የሚወጣውን የፎርማ መስመር በጣትህ ተከተለው። የድሮ ጠርሙስ አፉ በእጅ ስለሚጨረስ መስመሩ አፉ ጋ ሳይደርስ ይጠፋል። አፉ ላይ ወጥቶ ከዘለቀ ማሽን የሠራው ነው። ጠርሙስን ሙሉ በሙሉ የሚሠራው የኦወንስ ማሽን የመጣው ደግሞ በ1903 ነው።

ሦስተኛ፣ የመቀመጫዋን ጭረት አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ተመልከት። 150 ዓመት ጠረጴዛ ላይ ሲነሣና ሲቀመጥ የኖረ ዕቃ ወዲያም ወዲህም የተበታተኑ ጥቃቅን ጭረቶች ይኖሩታል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆኑ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው “አስረጅተዋታል” ማለት ነው።

አራተኛ፣ ጽሑፍ ካለ አንብብ። “ይህን ጠርሙስ መልሶ መሸጥ ወይም እንደገና መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው” የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለበት ከ1935 በፊት አልተሠራም፤ ሕጉ የሠራው ከ1935 እስከ 1964 ነው። ጠርሙስ ላይ የተጻፈ ዓመትንም እንደ ልደት ወረቀት አትየው። ቡዝ የሚባለው የጎጆ ቅርጽ ያለው ዝነኛ የውስኪ ጠርሙስ 1840 የሚል ዓመት ተጽፎበታል፤ የተሠራው ግን በ1860ዎቹ ነው። የእሱም ቅጂ ሞልቷል።

አምስተኛ፣ ማኬሪንና ዊልሰን በ1978 ያሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ አለ። ፍላስኮቹን በየምድባቸው ቁጥር ሰጥቶ ይዘረዝራል። ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚነጋገሩት በዚያ ቁጥር ነው። የአንተ 23 ጠርሙሶች ቁጥራቸው ስንት ነው? ካላወቅህ፣ ወንድሜ፣ እስከዛሬ የገዛኸው ጠርሙስ ሳይሆን የሻጭ ወሬ ነው።

አሁን ወደ እጮኛህ

“ሳትሰማ ሸጬ ልተካ” ያልከውን አልወደድነውም። በመጀመሪያ ነገር፣ በችኮላ የሚሸጥ ሰው የገዛበትን አያገኝም። ነጋዴ ሊያተርፍ ነው የሚገዛህ። ጨረታም ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ወራትም ይፈጃል። አንዳንድ ፍላስኮች በአሥር ሺህዎች ዶላር ይሸጣሉ ሲባል ሰምተህ ይሆናል፤ እውነት ነው። እነዚያ ግን ጥቂቶች ናቸው። የተለመዱት ባለ ውኃ ሰማያዊ ቀለሞቹ በአብዛኛው ከጥቂት መቶ ዶላር አያልፉም። ጥር ደግሞ አይጠብቅህም።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ገንዘቡ ቢሞላም ውሸቱ አይሞላም። አንድ ቀን አሜሪካ ስትመጣ ባዶውን መደርደሪያ ያየ ጓደኛህ “ያ ሁሉ ጠርሙስ የት ሄደ?” ሲል ትሰማለች። ያኔ የሚያሳዝናት 5,400 ዶላሩ አይደለም። “ባንክ ነው፤ አታስቢ” ያልካት እያንዳንዱ ሳምንት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ደውልላት። በጽሑፍ አትላክላት። ከሥራ ወጥታ ብቻዋን በሆነችበት ሰዓት ይሁን። በላፋዬት ታሪክ አትጀምር! በቁጥሩ ጀምር፦ “9,000 ነበረ፤ 3,600 ቀርቷል፤ ዋሽቼሻለሁ” በላት። ትቆጣ፤ ስልክም ትዝጋ፤ መብቷ ነው። ስትረጋጋ ግን ለእኛ የጻፍክልንን ያን አንድ ነገር ንገራት። ሁለት ሥራ ሠርተህ ሌሊት ባዶ ቤት ስትገባ መብራት ላይ የምታያት ነገር እንዳለችህ። ብቸኝነትህን እጮኛህ ካልሰማች ማን ይስማው?

ከዚያ አብራችሁ ወስኑ። ግዢው ዛሬውኑ ይቁም። ሰማያዊዋ አዲስ ሆና ከተገኘች ማስረጃህን ይዘህ ሻጩን ገንዘቤን መልስ በለው። የቀሩትን ከነገዛህበት ዋጋ ጻፋቸውና ዝርዝሩን ላክላት፤ የትኞቹ እንደሚሸጡ እሷም ድምፅ ይኑራት። አዳራሹ ካልተቻለ በግቢ ድንኳን ይጣል። በድንኳን የተዳሩ እናትና አባቶቻችን ትዳራቸው አላነሰም። ዓይንህ ጠርሙስ ካማረው ደግሞ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የኮርኒንግ የብርጭቆ ሙዚየም አለ፤ አይቶ መመለስ ዕዳ ውስጥ አይከትም።

ያቺን የመጀመሪያዋን የ80 ዶላር ዋሽንግተንና ቴይለር ግን ከተፈቀደልህ አስቀራት። ያለ ውሸት የገዛሃት እሷን ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

እናንተስ አንባቢዎቻችን? ጠርሙስ ባትሰበስቡ ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ ወይም የኳስ ውርርድ ትኬት የምትሰበስቡ አላችሁ። ሁሉም “ኋላ ያተርፋል” ይላል። እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ለምትወዱት ሰው የማታሳዩትን ዕቃ አትግዙ።

ግራ የገባው ወንድማችን፣ እሷ ያለችህን ጻፍልን። ቸር ወሬ ያሰማን!