ስብሰባ ብቻውን ሥልጣን አይደለም

«ናቫሆዎች ራሳቸውን ያስተዳድራሉ አይደል? ታዲያ ድህነታቸው የማን ጥፋት ነው?» የምትሉኝ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ።

ስብሰባስ አላቸው። በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ የተዘረጋው ምድራቸው 110 ቻፕተሮች አሉት። ቻፕተር በግርድፉ እንደ እኛ ቀበሌ ነው በሉት፤ ልዩነቱ የተመዘገበው መራጭ ራሱ ተሰብስቦ ድምፅ መስጠቱ ነው። መንገዱ ይጠገን፣ ውኃ ይግባልን፣ ለእነ እከሌ መብራት ይሳብ ይባላል። እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል።

ከዚያስ? ወረቀቱ ወደ ናቫሆ መንግሥት መቀመጫ ወደ ዊንዶው ሮክ ይሄዳል። መሬቱን በአደራ የያዘው የፌዴራሉ መንግሥት ስለሆነ የዋሽንግተንም እጅ አለበት። አያቶቹ በግ ሲያግዱ በኖሩበት ቦታ ጎጆ ልቀልስ የሚል ሰው እንኳ የግጦሽ ፈቃድ ያለውን ሰው ስምምነት፣ የመሬት ቅየሳና የቅርስ ጥናት ማሟላት አለበት።

ታሪኩንም እንይ። ቻፕተሮችን በ1927 (እ.ኤ.አ.) ያስጀመረው የፌዴራሉ መንግሥት ሹም ነበር። በ1930ዎቹ መንግሥት በጎቻቸውንና ፍየሎቻቸውን በግድ ሲያስቀንስ ቻፕተሮቹ የተቃውሞ መድረክ ሆኑ። ያኔ መንግሥት ድጋፉን ነሳቸው። «እሺ» ሲሉ ጥሩ፣ «እምቢ» ሲሉ ዞር በሉ!

የናቫሆ ምክር ቤትም ከወቀሳ አያመልጥም። በ1998 ያወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የሂሳብ፣ የግዥ፣ የንብረት፣ የሠራተኛና የመዝገብ ሥርዓቱን ላሟላ ቻፕተር ሰፋ ያለ ሥልጣን ይሰጣል። መልካም ነው። ግን በጣት የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው የገጠር ቻፕተር ይህን ሁሉ በምን አቅሙ ያሟላል? ዛሬም ያላሟሉት ብዙ ናቸው።

እስከዚያው ሲሶ ያህሉ ቤት የቧንቧ ውኃ የለውም፤ ሰው በርሜል በመኪና ጭኖ ይቀዳል። በ2023 ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የተሰጠው ፍርድ ሲጠቃለል፦ የ1868ቱ ውል የውኃ መብት ያስጠብቅላችኋል፤ ውኃውን ለማስገኘት እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ግን መንግሥት የለበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው!

ስለዚህ «ራሳቸውን ያስተዳድራሉ» አትበሉኝ። መጀመሪያ በጀቱና የመሬቱ ውሳኔ እዚያው ተሰብሳቢው እጅ ይግባ። ከዚያ ካጠፋ ያኔ እንወቅሰዋለን።