«ባዶ» የሚባለው መሬት ፈረሰኛ አለው

በደላላ ቋንቋ ቤት ያልተሠራበትና አጥር ያልታጠረበት ቦታ ሁሉ «ባዶ» ይባላል። የከተማ ቦታ በሊዝ መያዝ በሕግ ከተደነገገበት ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ቃል ብር ያወጣል። ባዶ የተባለ ቦታ ጨረታ የሚጠብቅ ቦታ ነውና። ሆኖም አብዛኛው ባዶ ሜዳ ተጠቃሚ አለው። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፈረሰኛ ያልፍበታል። ከነዚህ ሁሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ከቶ የማይታየው ፈረሰኛው ነው።

ጃንሜዳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የጉግስ፣ የፈረስ እሽቅድምድምና የጥምቀት ሜዳ ሆኖ ኖሯል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ነጋዴው ተራርቆ የሚሸጥበት ሰፊ ቦታ ያስፈልገው ስለነበር ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ነገር ግን ክረምቱ ሲመጣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፤ ቲማቲምና ሽንኩርቱም በጭቃ መሐል ተሸጠ። ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት እንዲደርስ ሜዳው ተለቅቆ መጽዳት ነበረበት። ትምህርቱ ለነጋዴውም ለፈረሰኛውም አንድ ነው፤ ለአንድ ሥራ የኖረ ሜዳ ለሌላ ሥራ በነጻ አይገኝም። ወጪው ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም።

የፈረስ ባለቤት የሒሳብ ችግር ቀላል ነው። ፈረስ ሠራም አልሠራም ይበላል። ገለባው፣ ድርቆሹና ፉርሽካው በየቀኑ ይገዛል። መተላለፊያው በአጥር ሲዘጋ ገቢው ይቆማል፣ ወጪው ግን ባለበት ይቀጥላል። አስፋልት ላይ ይሂድ እንዳይባል ሰኮና ይንሸራተታል፣ መኪናም ያስደነብረዋል። ስለዚህ መንገዱን ያጣ ባለፈረስ የሚቀረው ምርጫ ፈረሱን መሸጥ ብቻ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

በሌላ በኩል መንገዱ የተከበረለት ፈረስ ገበያ እንደሚፈጥር ዶዶላ አሳይታለች። ከሻሸመኔ ወደ ሮቤ በሚወስደው መስመር ላይ በምትገኘው በዚህች ከተማ፣ በአዳባ ዶዶላ ደን ውስጥ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ የፈረስ ጉዞ ተዘርግቶ ነበር። ጎብኚው ከአካባቢው ገበሬ ፈረስ ተከራይቶ፣ መንገድ መሪ ይዞ፣ ጫካ ውስጥ በተሠሩ ማረፊያዎች እያደረ ይጓዛል። ክፍያው ለባለፈረሱ፣ ለመሪውና ለማረፊያው ጠባቂ ይደርሳል። በዚያው ደን ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ደኑን ለመጠበቅ በውል ግዴታ ገብተው የመጠቀም መብት አግኝተዋል። ደኑ ሲቆም ፈረሱ መንገድ አለው፤ ፈረሱ ሲሠራ ደግሞ ደኑን ላለመቁረጥ ምክንያት ይኖራል።

ፍላጎቱ በከተማም አለ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ የፈረስ ግልቢያን ከአገልግሎቶቹ አንዱ አድርጎ ነው የተነሣው። በእንጅባራም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል እንግዳ ይስባል። እንግዳው አልጋ ይከራያል፣ ምግብ ይበላል፣ ነዳጅ ይቀዳል። የዚህ ሁሉ ካፒታል ያው «ባዶ» የተባለው ሜዳ ነው።

መሬት ውድ በሆነበት ከተማ ለፈረስ ቦታ መተው ቅንጦት ነው የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ቤት የሌለው ሰው ከፈረስ ይቀድማል። ግን ፈረሰኛው የሚፈልገው ሔክታር ሳይሆን መተላለፊያ ነው። በወንዝ ዳርና በደን ጠርዝ ያለው፣ ሕንፃ ሊቆምበት የማይገባ ቀጭን መሬት ይበቃዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ መንገዱን ለማስከበር ከግል ባለመሬት መግዛትም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በፕላን ላይ መሰመሩ ነው።

እዚህ ላይ ኢንቨስተሩም ጥቅም አለው። የፈረስ መንገዱ ከጨረታው በፊት በፕላኑ ላይ ከሰፈረ፣ ተጫራቹ ምን እንደሚገዛ አውቆ ዋጋ ይሰጣል። ካልሰፈረ ግን አጥሩን ካቆመ በኋላ ከአካባቢው ሰው ጋር ክርክር ይገጥመዋል፤ ክርክር ደግሞ በየትኛውም የባንክ ብድር ላይ ወለድ ይቆጥራል። በመንገዱ የሚያከራዩ ባለፈረሶችም በማኅበር ተደራጅተው አነስተኛ ክፍያ በመክፈል መንገዱን ሊጠብቁ ይገባል። በነጻ የተያዘ መብት በነጻ ይወሰዳልና።

የከተማ አስተዳደሮች ቀጣዩን ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት ቦታውን በእግራቸው ይዩት። የሰኮና ዱካ ካለበት፣ ቦታው ባዶ አይደለም።