መኪናው ገባ ማለት ጋራዥ ሆነ ማለት አይደለም!



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጎርፍ መውረጃ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ተራው የጋራዥ ነው። የሚከፋው ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም ሰው ፊት ለፊት ቢነጋገር ይሻላል እንጂ በየበሩ ቢያጉረመርም መንገዱ አይከፈትም።

በመንደራችን አሮጌ መኪና አድሶ የማስነሣት ፍቅር ገብቷል። ደግ ነገር ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ቮልሱ፣ ፊያት 600ው፣ ፔጆ 404ቱ፣ ላዳው ከየጥጉ እየተጎተተ በመውጣት ላይ ነው። ቮልስማ የታሪክም መኪና ናት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእርሷ ነበር። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮው ፋብሪካ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልተጨመረችም። በአገራችንም በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መንከባከብ ብልህነት ሆኗል። እንግዲህ ጠባችን ከመኪናው ጋር አይደለም። ጠባችን ከጋራዡ ልክ ጋር ነው።

የብዙዎቻችን ጋራዥ 3 ሜትር በ5 ሜትር ነው። «ለምን እንዲህ ጠበበ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «መኪናው ይገባ የለም እንዴ!» አዎን፣ ይገባል። ሬሳም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ግን ሥራ የሠራ የለም። መኪና ለማሳደርና መኪና ለመፍታት የሚያስፈልገው ቦታ ለየቅል ነው።

እስቲ ሜትር ይዘን እንነጋገር። ቮልስ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ55 ያህል ናት። ላዳ 2101ም በርዝመት እኩያዋ ነው። ፔጆ 404 ግን 4 ሜትር ከ44 ይደርሳል። ቮልሷን 3 በ5 በሆነ ቤት ውስጥ መሐል ላይ ብናቆማት በየጎኗ የሚተርፈው 72 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሯ ወለል ብሎ አይከፈትም፤ ተንበርክኮ ብሎን የሚፈታ ሰው ጀርባው ከግድግዳ ይጋጫል። በርዝመት ደግሞ ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 90 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የቮልስ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ሞተር ከካምቢዮው ለይቶ ወደ ኋላ ስቦ ወደ ታች ለማውረድ ታዲያ በየት በኩል? ሞርሳው የሚታሰርበት ጠረጴዛስ የት ይቀመጣል?

የት እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ላይ!

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የተፈታ መኪና ከተገጠመ መኪና ይበልጣል። አራቱ ፓራፋንጎ፣ ሁለቱ በር፣ የፊትና የኋላው ኮፈን፣ ፓራውልቱ፣ ወንበሩ፣ መስታወቱ፣ ጎማው፤ ይህ ሁሉ ከመኪናው ላይ ሲወርድ ቦታ ይፈልጋል። ጋራዡን ሲሠራ የተገጠመውን መኪና ብቻ የለካ ሰው የተፈታውን የሚያኖረው በጎረቤቱ አጥር ሥር ነው። «ለሁለት ቀን ነው» ይባላል። ሁለቱ ቀን ክረምት ይሆናል፤ ክረምቱ ዓመት ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ጠባብ ነው። በዚህች ጠባብ መንገድ ላይ ነው የእድሩ ድንኳን የሚተከለው። በዚህች ነው ምጥ የያዛት ሴት የምትወጣው፤ አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚገባውም በሌላ በኩል አይደለም። ልጆች የሚጫወቱትም እዚሁ ነው፤ የተቆረጠ ላሜራ ደግሞ ልጅ አይመርጥም። «በሬ ላይ ነው ያስቀመጥኩት» የሚል ወንድም፣ በሩ እንጂ መንገዱ የእርሱ አለመሆኑን ማን ይንገረው?

በሌላ በኩል ደግሞ «አንዴ ከተሠራ አይቀር ሰፋ ይበል» ብለው ግቢውን በሙሉ ሊሾ አድርገው ቆርቆሮ ሊያለብሱ የሚያስቡ አሉ። ይህም ልክ አይደለም። አፈር የነበረው ግቢ ሲደፈን የሐምሌ ዝናብ መጥለቂያ አጥቶ ወደ ታችኛው ጎረቤት ቤት ይገሰግሳል። ሁለተኛም፣ ባዶ ቦታ ያየ የመኪና ፍቅረኛ አያርፍም። አንዱን ሳይጨርስ ሁለተኛ፣ ሁለተኛውን ሳይነካ ሦስተኛ ቀፎ ይጎትታል። ከዚያም የሰው መኪና መቀበል ይመጣል፤ መኖሪያ ቤት የነበረው ሳናውቀው የንግድ ጋራዥ ይሆናል፤ ባቲላሜራው ከንጋት ጀምሮ ይደበድባል።

ስፋት የሚፈልጉት ቀለም ለመርጨት ከሆነ ደግሞ እርሱን ጨርሶ ይተዉት። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት የመኪና ቀለም አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሳንባ ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። ተራ የአፍ መሸፈኛ አያቆመውም። ቀለሙ ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ቤት ይቀባ። ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥር ለመሥራትም የሚያስብ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ይበቃዋል። መኪናው በክሪክ ይነሣና በብረት ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ በክሪክ ብቻ ወይም በብሎኬት ላይ በቆመ መኪና ሥር መግባት በሞት መቀለድ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣትም የተከለከለ ይሁን፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የከሰል ጢስ ስንቱን እንደገደለ ለማንም አይጠፋውም፤ የሞተሩም መርዝ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? ለአንዲት ቮልስ ወይም ላዳ በውስጥ ልኬት 4 ሜትር በ7 ሜትር። ከሜዳ የመጣ ቁጥር አይደለም። በወርድ፦ መኪናው 1.55፣ በየጎኑ 1 ሜትር፣ ለመደርደሪያ 45 ሳንቲ ሜትር፤ ድምሩ 4 ሜትር። በርዝመት፦ መኪናው 4.10፣ ከኋላ ለሞተርና ለሠራተኛ 1.20፣ ከፊት መተላለፊያ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ለጠረጴዛ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ድምሩ 6.70፣ የቀረችው 30 ሳንቲ ሜትር መጠባበቂያ ናት። ቁመቱ 3 ሜትር ይበቃል፤ የቮልስ ሞተር የሚወጣው ወደ ታች ስለሆነ ማንሻ ማሽን ተብሎ ቤት ማስረዘም አያስፈልግም። በሩ ከ2 ሜትር ተኩል አይነስ፤ ወለሉም ክረምት እንዳይገባው ከግቢው ከፍ ይበል።

ቦዲው ከሻንሲው የሚነሣ ከሆነ ግን አንዷ መኪና ሁለት ትሆናለች። ያን ጊዜ በራስ ግቢ ውስጥ 3 በ5 የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ይጨመር። ግቢው ይህን ካልቻለ ቦዲው አይነሣ፤ ወይም ሥራው ለባለሙያ ጋራዥ ይሰጥ፤ ወይም ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20 ያህል ብቻ በሆነችው ፊያት 600 ይወሰን። መኪናውን ቀንሱ እንጂ መንገዱን አትቀንሱ!

ስለዚህ ለሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ሦስት ነገር ይቅረብ እላለሁ። አንደኛ፣ ጋራዥ የሚሠራ ሁሉ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር የተፈታው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ለጎረቤቶቹ አስቀድሞ ያሳይ። ሁለተኛ፣ ከአጥር ውጭ ያለ ቀፎና ዕቃ ሁሉ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ ይነሣ። ሦስተኛ፣ ብየዳና ድብደባ የሚፈቀድበት ሰዓት በድምፅ ብልጫ ይወሰን።

የሚቃወም ካለ ሜትሩን ይዞ ይምጣ፤ ሰሌዳው ለእርሱም ክፍት ነው።

ከነዋሪዎቹ አንዱ