ጥገናው ለምን አይደርሰንም?

በወረታ ገበያ የሩዝ ዋጋ የሚጠየቀው በስልክ ነው፤ ገንዘቡም ቢሆን እየበዛ የሚያልፈው በስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ አባቴ የሩዙን ሽያጭ በኪሱ ሸጉጦ ከመፈልፈያው እስከ ቤት እየፈራ መሄዱን ትቷል። እኔ ግን በእርሱ ፈንታ መፍራት ጀምሬአለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በስልክ ውስጥ «ከርነል» የሚባል የበላይ ክፍል አለ። ማናቸውም ፕሮግራም የሚታዘዘው ለእርሱ ነው፤ የማኅደረ ትውስታውንም ቦታ ለየፕሮግራሙ የሚያድለው እርሱ ነው። ከእርሱ ጋር ሆኖ፣ ለምሳሌ የምስሉን ቺፕ የሚያዝዘው ክፍል «ድራይቨር» ይባላል። (ሩዝ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚከንፈው የአይሱዙ ሾፌር እንዳይመስላችሁ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ስቄአለሁ።) ሌላ ፕሮግራም ቢበላሽ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ክልል ይቀራል፤ ድራይቨር ግን በከርነሉ ሥልጣን ስለሚሠራ በእርሱ ላይ ቀዳዳ የተገኘ እንደ ሆነ ሌባው የቤቱ ጌታ ሊሆን ይችላል።

ይህ ተረት አይደለም። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ማሊ የሚባለውን የምስል ቺፕ ይነድፋል፤ ዋጋቸው ረከስ ያሉ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ይህ ቺፕ አላቸው። መስከረም 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ኩባንያው በማሊ ድራይቨር ውስጥ ሲቪኢ-2023-4211 የተባለ ጉድለት መኖሩን፣ ክፉዎችም በተወሰኑ ሰዎች ላይ ሳይጠቀሙበት እንዳልቀሩ የሚያሳይ ምልክት መገኘቱን ገለጸ። የጉድለቱ ጠባይ እንዲህ ነው። በሩዝ መፈልፈያ ግቢ አንድ ነጋዴ መጋዘን ተከራይቶ ይለቃል፤ ቁልፉን ግን አልተቀበሉትም። መጋዘኑ ለሌላ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው ነጋዴ ገብቶ የሰውን ሩዝ ይሰፍራል። ድራይቨሩም የተለቀቀውን የማኅደረ ትውስታ ቦታ ቁልፍ ሳይነጥቅ ይተው ነበር።

እኔን የሚያሳዝነኝ ጉድለት መገኘቱ አይደለም፤ ሰው የሠራው ነገር ጉድለት አያጣም። የሚያሳዝነኝ የጥገናው መንገድ ነው። በ2014 ዓ.ም. በክረምቱ መግቢያ የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ባለሙያዎች በዚሁ ድራይቨር 5 ጉድለቶችን ለአርም አመለከቱ፤ አርምም ክረምቱ ሳይወጣ ጠገናቸው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሲመረምሩ ግን ማሊ ያለባቸው የሙከራ ስልኮቻቸው ሁሉ እንደ ተጋለጡ ነበሩ። ጥገናው ከአርም ወደ ስልክ ሠሪው፣ ከስልክ ሠሪውም ወደ ባለ ስልኩ መውረድ አለበትና።

በእኛ ዘንድ ሌላም ተጨመረ። የ2016ቱ ማስታወቂያ ሲወጣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ተቋርጦ ነበር፤ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ ብቻ የሚዘጋ ይመስለናል፤ ጥገናም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

«ማሻሻያ ዳታ ይበላል» የሚሉ ጓደኞቼን እዚህ ላይ እወቅሳለሁ፤ ለቲክቶክ ሲሆን አይሳሱም። የርብ ወንዝ ሲሞላ የተሸነቆረ ዳር ለነገ የሚያቆይ ገበሬ በፎገራ አላየሁም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በእነርሱ ላይ መጫን ግፍ ነው። ባለፈው እሑድ የአባቴን ስልክ ከፍቼ የደኅንነት ማሻሻያውን ቀን ብመለከት የመጨረሻው የ2021 እ.ኤ.አ. ሆኖ አገኘሁት። አዲስ እንዲፈልግ ብነካው «ስልክዎ የዘመነ ነው» አለኝ። አባቴም ሰምቶ «እሱ ራሱ ደኅና ነኝ እያለ አንተን ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ ስልክ የሚያስመጣና የሚሸጥ ሁሉ የስንት ዓመት ጥገና እንዳለው፣ የመድኃኒት ማብቂያ ቀን እንደሚጻፍ፣ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። ይህን በአንድ ሱቅ ገብቼ ጠየቅሁ። ሻጩ ስለ ካሜራው ነገረኝ።